ክረምቱ የተገለበጠበት አበባ



እስቲ ዛሬ በአንድ ቃል እንጀምር። «ክረምት» ስንል ምን ማለታችን ነው? ባደግንበት አገር ክረምት ማለት ሰኔ ግም ብሎ ሲገባ፣ ሐምሌና ነሐሴ መንገዱን ጭቃ፣ ወንዙን ሙላት ሲያደርጉት ነው። በጋ ደግሞ ሰማዩ ጠርቶ፣ አዝመራው ተሰብስቦ፣ ሣሩ ደርቆ ከብቱ የሚከሳበት ወራት። እዚህ ስንመጣ «ሖሬፍ»ን ክረምት፣ «ካይጽ»ን በጋ ብለን ተረጎምን። ትርጉሙ ልክ ነው፤ ክረምት ዝናብ ነው፣ በጋ ድርቀት ነው። ወራቱ ግን ተገለበጡ። ሐምሌ፣ ያ የጭቃና የጉም ወር፣ እዚህ የእሳት ወር ሆነ። እህል የምንወቃበት ጥር ደግሞ ጃንጥላ የሚገለብጥ ሆነ። እኛስ ሰዎች ነን፣ ካፖርት ገዝተን ለመድነው። የአበባ ራስ ግን ካፖርት አይገዛም።

ይህን ማንሳቴ ያለ ምክንያት አይደለም። ባለፈው ጊዜ ጋን ሽሙኤል መገበያያው ዘንድ አውቶቡስ ስጠብቅ አንዲት እናት አገኙኝ። ይህን ዓምድ ልጃቸው ታነብላቸዋለች። ከፌስታላቸው ውስጥ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር አወጡና አሳዩኝ፤ እንደ ሽንኩርት የነበረ፣ አሁን ግን የሚለጠልጥና የሚሸት። «ሃያ ራስ ገዝቼ ነበር። ከሲግድ በኋላ መሬቱ ዝናብ ሲጠግብ ተከልኩ። አንዱም አልወጣ። ወገራ ውስጥ ስንት ዓመት ያረስኩ ሰው ነኝ፤ እዚህ እጄ ደረቀ መሰለኝ ልጄ» አሉኝ። ልጅ ማለታቸው ደስ ብሎኛል፤ ሃምሳን ካለፍኩ ቆይቷል።

እማየ፣ እጅዎ አልደረቀም። ያደረጉት ሁሉ ወገራ ላይ ትክክል ነበር። መሬት ዝናብ ሲጠግብ ይተከላል፤ ይህን የማያውቅ ገበሬ የለም። ዝናቡ ነው ቦታ የቀየረው። የዛሬው ጽሑፍ ለእርስዎና እንደ እርስዎ ላዘኑት ነው።

መጀመሪያ ነገሩ ምን እንደሆነ እንወቅ። ሚሽታላ ሄደን «ፕቃዖት» ብለን የምንገዛው ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ወጥ ቤታችን ውስጥ አራቱም ዘመድ አላቸው። አንዱ በቢላ ሲቆረጥ እንደ ሽንኩርት በንብርብር የተሠራ ነው፤ እውነተኛው ራስ ይህ ነው። ሁለተኛው ሲቆረጥ እንደ ጎደሬ ድፍን ነው፤ ግላዲዮለስ ከዚህ ወገን ነው። ሦስተኛው እንደ ስኳር ድንች ወፍሮ የተንጠለጠለ ሥር ነው፤ ዳልያ እንዲህ ነው። አራተኛው እንደ ዝንጅብል መሬት ውስጥ አግድም የሚሄድ ነው፤ ቅጠሉ ኮባ የሚመስለው ካናና ሰማያዊው አጋፓንቱስ እንዲህ ያሉ ናቸው። ሁሉም የሚያደርጉት ሥራ አንድ ነው፦ ቅጠሉ በደግ ዘመን የሠራውን ምግብ ከመሬት በታች ያስቀምጣሉ፤ ክፉው ዘመን እስኪያልፍ ይተኛሉ። ጎተራ ማለት ናቸው።

ክፉው ዘመን ግን ለሁሉም አንድ አይደለም። ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው።

እናታችን የገዙትን ራስ ሻጩ «አሲዳንቴራ» ብሎ ነበር የሰጣቸው። ከረጢቱ ላይ ያለው ሥዕል ነጭ አበባ ነው፤ ስድስት ቅጠል እንደ ኮከብ ተዘርግቶ፣ መካከሉ ላይ ጥቁር ሊባል የደረሰ ሐምራዊ ነጠብጣብ ያለበት። ይህ አበባ በዓለም ገበያ የሚታወቅበት ሌላ ስም አለው፤ የአቢሲኒያ ግላዲዮለስ ይሉታል። አዎ፣ የእኛው ነው! ከኢትዮጵያ ጀምሮ በምሥራቅ አፍሪካ እስከ ሞዛምቢክ ድረስ በድንጋያማ ቁልቁለት ላይ፣ በሣር መካከል ይበቅላል። ማታ ማታ መዓዛው ይበረታል፤ ምክንያቱም የሚጠብቀው ንብ ሳይሆን የሌሊት የእሳት ራት ነው፤ ረጅም ምላስ ያለው፣ ከዚያ ቀጭን የአበባ ቱቦ ውስጥ ማር የሚደርስ። ዛሬ አውሮፓ ውስጥ በየሱቁ በጥቂት ሳንቲም ይሸጣል። የአገራችን ልጅ በሰው አገር ስም ወጥቶለት ሚሽታላ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ስናገኘው፣ አላወቅነውም፣ እሱም አላወቀንም።

ዘመዱም አለ፤ ቀይና ብርቱካናማ ሆኖ በክረምት ሣር ውስጥ ብቅ የሚለው። ያ ደግሞ ከኢትዮጵያ እስከ ደቡብ አፍሪካ የተሠራጨ ነው፤ በ19ኛው መቶ ዓመት አውሮፓውያን ከሌሎች ጋር አዳቅለው የዛሬውን ትልልቅ የአበባ መሸጫ ግላዲዮለስ ያወጡት ከእሱ ጭምር ነው። ለሠርግ የምትገዙት ረጅሙ አበባ ውስጥ የአፍሪካ ደም አለ ማለት ነው።

ስሙንም እንይ፤ መምህር ነኝና ታገሡኝ። በዕብራይስጥ ይህን ወገን «ሳይፋን» ይሉታል። ከ«ሳይፍ» የመጣ ነው። ሳይፍ ምንድን ነው? ሰይፍ! አባቴ ቄስ ነበሩ፤ ዳዊት ሲያስደግሙኝ «ሰይፍ» የሚለውን ቃል የማላውቀው መስሏቸው እጃቸውን እንደ ስለት አድርገው ያሳዩኝ ነበር። ቅጠሉን ብታዩት ምክንያቱ ይገባችኋል፤ ቀጥ ብሎ የሾለ ነው። በላቲንም «ግላዲዮለስ» ማለት ትንሽ ሰይፍ ማለት ነው። ስለዚህ የልጅ ልጃችሁ ከጋን (መዋዕለ ሕፃናት) ስትመለስ «ሳይፋን» ካለቻችሁ፣ «ሰይፍ» በሏት፤ ይገባታል።

ወደ ቁም ነገሩ እንመለስ። ይህ አበባ አገሩ ላይ ዝናብ የሚያገኘው ሲያድግ ነው፤ ሙቀቱም ያኔውኑ አለ። ሲተኛ ደረቅ ነው። በሰው ቋንቋ ብንለው፣ ሲበላ ይጠጣል፣ ሲተኛ አልጋው ደረቅ ነው። እዚህ አገር ከሲግድ በኋላ ስትተክሉት ምን ይሆናል? ተኝቶ ሳለ ዝናብ ይወርድበታል። መሬቱ ይቀዘቅዛል፤ ለመንቃት የሚበቃ ሙቀት የለም። በእርጥብ አልጋ ላይ እንደተኛ ይሰነብትና ይበሰብሳል። ተራው ትልቁ ሳይፋን ትንሽ ይታገሣል፤ የአቢሲኒያው ግን አይታገሥም፤ ሙቀት ይፈልጋል። አውሮፓውያን በመጽሐፋቸው «ውርጭ እንዳይገድለው ከመሬት አውጡት» ይላሉ። እኛ በሐዴራ በኩል የምንፈራው ውርጭ አይደለም፤ ውሃውን ነው።

እንግዲህ በበጋ የሚያብቡትን ሁሉ በሁለት ከፍላችሁ ያዙ። አንዱ ወገን በበጋ የሚጠጣ ነው፦ ከአፍሪካ የመጡት ግላዲዮለስና አጋፓንቱስ፣ ከሜክሲኮ የመጡት ዳልያና መዓዛው ቤት የሚሞላው ቱበሮዝ፣ ከአሜሪካ ምድር የመጣው ካና። የእነዚህ ሰማይ እናንተ ናችሁ፤ ዝናቡን በቲፍቱፍ ታመጡላቸዋላችሁ። ሌላው ወገን የዚህ አገር ልጅ ነው፤ በክረምት ቅጠል ያወጣል፣ በበጋ ይተኛል፤ ተኝቶ ሳለ ውሃ ካጠጣችሁት ይሞታል። ሁለቱን አንድ መደብ ላይ መትከል ማለት ጿሚንና በላተኛን አንድ ማዕድ ላይ ማስቀመጥ ነው፤ አንዱ ይጎዳል።

ስለ መሬቱ ትንሽ ልበል። ጋን ሽሙኤል «የሽሙኤል የአትክልት ቦታ» ማለት ነው። ስሙ ባዶ ስም አይደለም። በ1890ዎቹ አጋማሽ ኪቡጹ ከመመሥረቱ በፊት እዚያ ቦታ ላይ የኤትሮግ፣ ማለትም የትርንጎ፣ ተክል ተተክሎ ነበር፤ ለረቢ ሽሙኤል ሞሂሊቨር ሰባኛ ዓመት ልደት መታሰቢያ። ሐዴራ ራሷ በ1891 ስትመሠረት ዙሪያዋ ረግረግ ነበር፤ ከመጀመሪያዎቹ ሰፋሪዎች ብዙዎቹ በወባ አለቁ። ወባን ለእናንተ ማስተዋወቅ አያስፈልገኝም፤ በሱዳን መንገድ ያለፈ ሁሉ ያውቃታል። ረግረጉን ለማድረቅ ባሕር ዛፍ ተከሉ። በአጤ ምኒልክ ዘመን አዲስ አበባ ላይ ለማገዶና ለቤት ሥራ የተተከለው ያው ዛፍ፣ በዚያው ዘመን እዚህ ለውሃ መምጠጫ ተተከለ። የሐዴራን ባሕር ዛፍ ደን የጎበኘ ሰው አገሩ የገባ ይመስለዋል፤ ሽታው ያው ነው።

ይህን ያወራሁላችሁ ለታሪክ ብቻ አይደለም። ረግረግ የነበረ መሬት ውሃ ይይዛል። በምሥራቅ በኩል፣ በእርሻው ወገን ያላችሁ፣ አፈሩ ጥቁርና ከባድ ከሆነ፣ እጃችሁ ላይ እርጥቡን ጨብጣችሁ ስትለቁት እንደ ሊጥ ከቀረ፣ ራሱን ጉድጓድ ውስጥ አትቅበሩት። መደቡን ከአካባቢው አንድ ስንዝር ከፍ አድርጉት። በምዕራብ በኩል፣ ወደ ባሕሩ ያላችሁ ደግሞ አሸዋ ነው፤ ውሃው አይቆምም፣ ነገር ግን ምግብም አይቆምም። ለእናንተ ኮምፖስት ያስፈልጋል። ፍግ ካገኛችሁ የበሰለውን፣ አፈር አፈር የሚሸተውን ብቻ ተጠቀሙ። ትኩስ ፍግ ለጎመን ይሆን ይሆናል፤ የአበባ ራስ ላይ ግን ብስባሴ ያመጣል።

መቼ ይተከል? ከፑሪም በኋላ እስከ ፋሲካ ያለው ጊዜ ጥሩ ነው። ከባዱ ዝናብ አልፏል፣ መሬቱ መሞቅ ጀምሯል። የአቢሲኒያው ግላዲዮለስ ከተተከለ ከሦስት ወር ተኩል እስከ አራት ወር ባለው ጊዜ ያብባል፤ ትልቁ ሳይፋን ትንሽ ይቀድማል። ይህን ካወቃችሁ መቁጠር ትችላላችሁ። አባቶቻችን የበዓል ቀን ሲቆጥሩ ኖረዋል፤ ይህም ያው ቁጥር ነው። ብርሃን ሠረቀ፣ ሮሽ ሀሻና፣ በመስከረም ውስጥ በሚውልበት ዓመት አበባው ለበዓሉ እንዲደርስላችሁ ከፈለጋችሁ፣ ጥቂት ራስ አስቀርታችሁ በሜይ አጋማሽ ትከሉ። ሁሉንም አንድ ቀን አትትከሉ፤ በየሁለት ሳምንቱ አምስት አምስት ብታደርጉ አበባው በጋውን ሙሉ ይፈራረቃል። ከሜይ በኋላ ግን አልመክርም፤ ሻራቩ አበባውን ሳይከፈት ያቃጥለዋል፣ ትሪፕስ የምትባለው ደቃቅ ነፍሳትም ቅጠሉን ብርማ መስመር እያደረገች ትመጠዋለች። (ሽሚጣ የምትጠብቁ ቤተሰቦች፣ መጪው ዓመት ከ2028 መጸው ይጀምራል፤ ከዚያ በፊት አስባችሁ ቄሳችሁን ወይም ረቢያችሁን ጠይቁ።)

አተካከሉ ቀላል ነው። የሾለው ጫፍ ወደ ላይ፣ ጠፍጣፋው ወደ ታች። ጥልቀቱ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል፤ በአሸዋ መሬት ላይ ትንሽ ይጨመር። በአንዱና በአንዱ መካከል 10 ሳንቲ ሜትር ይበቃል። እንደ ድንች በረድፍ አትደርድሩት፤ አሥር አሥር አድርጋችሁ ሰብስባችሁ ብትተክሉ እርስ በርስ ይደጋገፋል፣ ነፋስ አይጥለውም። ጓሮ የሌላችሁ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ያላችሁ፣ ሚርፔሰቱ ይበቃል። 30 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ባልዲ ከሥሩ አምስት ስድስት ቦታ ብሱት። ከታች «ቱፍ» የሚባለውን ቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠር ሁለት ጣት ያህል አንጥፉ፣ ከላዩ አፈር ሙሉ። ፀሐይ ቢያንስ ግማሽ ቀን ያግኝ። ሰሜን የሚያይ ሚርፔሰት ቅጠል ብቻ ነው የሚሰጣችሁ።

ውሃ ላይ ሽማግሌዎቻችን ሁለት ዓይነት ናችሁ፤ አንዱ ሂሳቡን እየፈራ ያስጠማል፣ ሌላው በጠዋትም በማታም ያጠጣል። ሁለቱም አይሆንም። ቡቃያው እስኪወጣ ትንሽ ውሃ ይበቃል። ቅጠል ካወጣ በኋላ በአሸዋ መሬት በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ፣ በጥቁሩ መሬት አንድ ጊዜ፣ ነገር ግን ወደ ታች እስኪወርድ አጠጡ። ጣታችሁን መሬት ውስጥ ክተቱ፤ ከሁለተኛው አንጓ በታች እርጥብ ከሆነ ለነገ ይደር። ባልዲ ላይ ያለው በነሐሴ በየቀኑ ሊጠማ ይችላል።

አሁን ደግሞ ብዙ ሰው የሚጎዳበት ነገር። አበባው ሲረግፍ ቅጠሉ ይቀራል። ያ ቅጠል የሚቀጥለውን ዓመት ጎተራ እየሞላ ነው። አበባ ለቤት ስትቆርጡም ቢያንስ አራት ቅጠል ተዉለት። ቅጠሉ ራሱ ቢጫ እስኪሆን እንዳትነኩት። ግን የጋራ ሕንፃ ላይ የምንኖር ሰዎች ምን እናድርግ? ቫዓድ ባይት የቀጠረው አትክልተኛ በመኪናው እየጮኸ ይመጣል፣ «ደረቀ» ብሎ ከሥሩ ያጭደዋል። እኔ ካለሁበት ሕንፃ በታች የአንድ ጎረቤቴ መደብ ሁለት ዓመት ተከታትሎ እንዲህ ሆነ፤ ሦስተኛው ዓመት ላይ ራሱ ቀጭጮ አላበበም። ከሰውየው ጋር መጨቃጨቅ አያስፈልግም፤ ማንም አልነገረውም። መደቡን በድንጋይ ክበቡ፣ የልጅ ልጃችሁ በካርቶን ላይ በዕብራይስጥ «ና ሎ ሊግዞም»፣ እባክህ አትቁረጥ፣ ብላ ትጻፍ፣ በላስቲክ ሸፍናችሁ ትከሉት። ጎረቤቴ በአራተኛው ዓመት እንዲህ አደረጉ፤ አትክልተኛው ዞሮ አለፈ።

ውሃ ለማጠጣት ለማትችሉ፣ ወገብ ለሚያማችሁ፣ የዚህን አገር ልጅ ልንገራችሁ። «ሓጻቭ» ይባላል። በበጋ መጨረሻ፣ ሣር ሁሉ ገለባ በሆነበት ጊዜ፣ አንድም ቅጠል ሳይኖረው ከደረቅ መሬት ነጭ አበባ ያለበት ዘንግ ያወጣል፤ እስከ ሰው ደረት የሚደርስ አለ። በክረምት ሰፋፊ ቅጠል ያወጣል፣ በጸደይ ያደርቃል። በበጋ አንድ ጠብታ ውሃ አይለምንም። ሥሩ ወደ ታች ቀጥ ብሎ ስለሚወርድ የጥንት ሰዎች በእርሻ ድንበር ላይ ይተክሉት ነበር፤ ሊቃውንቱ በታልሙድ ኢያሱ የእስራኤልን ምድር ወሰን ያበጀው በዚህ ተክል ነው ይላሉ። በድንበር የተካሰሰ ሰው ይህን ይወደዋል። ራሱን ስትተክሉ አንገቱ ከመሬት በላይ ይታይ፣ ከቲፍቱፉም ራቅ አድርጉት።

በሐዴራ ባሕር ዳር አሸዋ ላይም «ሐቫጼለት ሀሖፍ» የምትባል ነጭ አበባ በበጋ መጨረሻ ታብባለች፤ ማታ ስትሄዱ መዓዛዋ ይቀድማችኋል። እሷን እዩዋት፣ አሽትቷት፣ ግን አትንቀሏት። የዱር አበባ መንቀል በሕግ የተከለከለ ነው፤ ቅጣት አለው። የምትፈልጉትን ከሚሽታላ ግዙ።

አንድ የማልደብቃችሁ ፍርሃት አለኝ። የአበባ ራስ ሽንኩርት ይመስላል። እኛ ደግሞ ሽንኩርት የሌለበት ወጥ አንሠራም። በአንድ ቤት የአበባ ራስ በመረብ ከረጢት ከሽንኩርቱ ጎን ተሰቅሎ አይቻለሁ፤ ቤት ለመርዳት የመጣች ልጅ ብትሆን ሳትጠራጠር ትከትፈው ነበር። የሓጻቭ ራስ የልብን ምት የሚያዛባ መርዝ አለው፤ ፈሳሹም ቆዳ ያሳክካል፣ ጓንት አድርጉ። የናርኪስና የክሪነም ራስ ክፉኛ ያስመልሳል። «ግሎሪዮሳ» የሚባለው፣ እንደ እሳት ነበልባል የሚያምረው አበባ፣ ሥሩ ሰው ይገድላል፤ ትንሽ ልጅ ባለበት ቤት እኔ አልተክለውም። ስለዚህ የአበባ ራስ ወጥ ቤት አይግባ። በሳጥን ሆኖ፣ በአማርኛም በዕብራይስጥም ተጽፎበት፣ ልጅ የማይደርስበት ቦታ ይቀመጥ። ሰው ከበላው ለማስመለስ አትታገሉ፤ ወዲያው ማጌን ዳቪድ አዶም 101 ደውሉ። ሐይፋ ራምባም ሆስፒታል ውስጥም ቀንና ሌሊት የሚሠራ የመርዝ መረጃ ማዕከል አለ። የቀረውን ራስ ለሐኪሙ ይዛችሁ ሂዱ።

ወደ እናታችን ራሶች ልመለስና የመጨረሻውን ሥራ ልንገር። ሱኮት ካለፈ በኋላ ቅጠሉ ቢጫ ሲሆን ውሃውን አቁሙ። መሬታችሁ አሸዋ ከሆነና ውሃ የማይቆምበት ከሆነ፣ ራሱን እዚያው መተው ይቻላል። ጥቁር መሬት ከሆነ ግን ከባዱ ዝናብ ሳይመጣ ቆፍራችሁ አውጡት። በዶማ ሳይሆን ራቅ ብላችሁ በሹካ ገልብጡት፤ የቆሰለ ራስ አይከርምም። በጥላ፣ ነፋስ በሚያገኝበት ቦታ ሁለት ሦስት ሳምንት ይድረቅ። ያኔ አንድ ነገር ታያላችሁ፦ የተከላችሁት አሮጌው ራስ ከታች ተጨማዶ ቀርቷል፤ በላዩ ላይ አዲስ ተወልዷል፤ በዙሪያው ደግሞ እንደ አተር የሚያክሉ ብዙ ልጆች ተሰብስበዋል። አሮጌው በእጅ ሲጠመዘዝ ይላቀቃል፤ ጣሉት። አዲሱን በወረቀት ከረጢት ወይም በመረብ፣ ቤት ውስጥ ደረቅና ሞቅ ያለ ቦታ አስቀምጡት። ፍሪጅ አይሆንም፣ ፌስታልም አይሆንም፤ ያልበዋል። ትንንሾቹ በመጀመሪያው ዓመት ቅጠል ብቻ ይሰጣሉ፤ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ዓመት ያብባሉ። ዘንድሮ ከአሥር ራስ ብትጀምሩ ከሦስት ዓመት በኋላ ለጎረቤት የምትሰጡት ይተርፋችኋል። ስትሰጡም መቼ እንደሚተከል በወረቀት ጽፋችሁ አብራችሁ ስጡ፤ «ከፑሪም በኋላ» የሚለው ይበቃል።